ከአሥሩ አንዷ ስትጎድል

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አዲሷ ልጅ ዛሬ ሥራ ጀመረች። ፌኔት ትባላለች፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አለቃችን አምሐ ራሱ ይዟት ገብቶ፣ «ማስተርሷን የሠራችው ልክ እኛ በምንቸገርበት ጉዳይ ላይ ነው፤ ስብስብና አባላት በፎርማል ኦንቶሎጂ» ብሎ አስተዋወቀን። ሲናገር ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። እኔን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲያስተዋውቅ፣ «ይቺ ውዳሴ ናት፤ ወንበሯ ያ ነው» ነበር ያለው።

ቢሯችን ጎፋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሁን ስምንት ሆነናል። ለድርጅቶች ሲስተም እንሠራለን። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ያለው ነው። በደንበኛው ዓለም ውስጥ ምን ምን ነገር እንዳለ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚያያዝ ለይቶ መሳል። ሞዴል እንለዋለን፤ ነገሮችን እንዲህ የመለየቱ ትምህርት ደግሞ ኦንቶሎጂ ይባላል። የያዝነው ሥራ በቡድን ተደራጅተው የመሥሪያ ሼድ የሚጠብቁ ሴቶችን ወረፋ የሚይዝ ሲስተም ነው። ሼዶቹን የሚሰጠው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቡድኖቹን ላፍቶና መካኒሳ ውስጥ እየዞርኩ ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ሞዴሉን የሳልኩትም እኔ ነኝ። ይህን የጻፍኩት እንዳይረሳ ብዬ እንጂ በሌላ አይደለም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ፌኔት ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ አዛወረች። ማንም ምንም አላላትም። እኔ ያንን ቦታ ሁለት ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የተውኩት።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ላፍቶ ሄጄ የቀጸላ ጥልፍ ቡድንን ጠየቅኩ። አሥር ሴቶች ናቸው። ሁልጊዜም እንደማገኛቸው በሊቀመንበሯ በእትዬ አስቴር ሳሎን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይጠልፋሉ። ሁለቱ የስፌት ማሽኖች አልጋው እግርጌ ናቸው፤ በአንዱ ሲሰፋ በሌላው የምትሰፋዋ ቆማ ትጠብቃለች። አራት ዓመት ወረፋ ጠብቀው አሁን ሦስተኛ ደርሰዋል። ሐምሌ ላይ አምስት ሼድ ይታደላል፤ ስለዚህ ይደርሳቸዋል።

ዛሬ ዘጠኝ ነበሩ። «ሀናስ?» አልኩ።

«ተኝታለች፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስቴር። «ኩላሊቷ ነው። ሐኪሞቹ እንኳ አሁን ተስፋ የቆረጡ ይመስላሉ።» ክሩን ቆረጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዜር አያድርገውና እሷን ብናጣ፣ ሰው ብንተካ ወረፋችን ይበላሻል እንዴ? ካቻምና አንዷ አርፋብን ተክተናል። ያኔ በወረቀት ነበር፣ ማንም ምንም አላለን።»

«አይበላሽም» አልኳቸው።

በእኔ ሞዴል አይበላሽም። እኔ ቡድኑን የሳልኩት ለብቻው እንደሚኖር ነገር ነው። የራሱ የምሥረታ ቀን አለው። አባላት ደግሞ የገቡበትና የወጡበት ቀን እየተጻፈ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሰው ይለወጣል፣ ቡድኑ ያው ነው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ፌኔት ዛሬ አቀረበች። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቷት አርባ ወሰደች። ሰዓቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ክፍልና አባል አንድ አይደሉም» ብላ ጀመረች። «አምሐ የድርጅታችን አባል ነው። የአምሐ አፍንጫ የአምሐ ክፍል ነው። አፍንጫው ግን የድርጅታችን አባል አይደለም።» ሁሉም ሳቀ። አምሐ አፍንጫውን ዳሰሰ። «እንደዚሁ አንድ ቡድን የኅብረት አባል ቢሆን፣ እያንዳንዷ ሴት የኅብረቱ አባል ሆነች ማለት አይደለም።»

ይህ በእኔም ሞዴል ላይ አለ። ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ማንንም አላሳቀም።

ከዚያ ወደ ዋናው መጣች። ደንበኛችን አንድ ነገር ያማርራል። አንዳንድ ቡድኖች ወረፋቸው ሲቃረብ ስሙን ይዘው ሰዎቹን በሙሉ በሌላ ይለውጣሉ፤ ሼዱን የሚወስዱት አንድም ቀን ያልጠበቁ ሰዎች ይሆናሉ። ይህን እኔ አልፈታሁትም፤ እውነት ነው። ፌኔት፣ «ቡድኑን በስሙ ሳይሆን በአባላቱ እንወቀው» አለች። «ስብስቡ ማለት እነዚህ አሥር ሴቶች ናቸው። አንዷ ከተለወጠች ሌላ ስብስብ ነው። ሲስተሙ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወረፋውንም ከመጨረሻ ይጀምራል።»

አጨበጨቡላት። ቢሯችን ውስጥ ለሞዴል ሲጨበጨብ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲያው የውዳሴን በዚህ እንተካው» አለ አምሐ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አይከፋሽም አይደል?»

«ለምን ይከፋኛል» አልኩ።

ስወጣ ደረጃው ላይ አንዱ ለሌላው፣ «ልጅቷ እኮ ነገሩን ታውቀዋለች» ሲል ሰማሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያወቅኩት እኔስ ምኑን ነው?

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፌኔት ዛሬ ሻይ ገዝታልኝ መጣች። ስኳር እንደማልጨምር ከማን ሰማች? ጠጣሁት። አመሰገንኳት። ጣዕሙ ግን ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ ቆየ።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ባለቤቴ ሚሳኤል ከቤተ ክርስቲያን ዘግይቶ መጣ። የመዘምራን ቡድናቸው ሃያኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለሆነ ይዘጋጃሉ። ሸሚዙን እየቀየረ፣ «ከመሥራቾቹ የቀረነው ሁለት ብቻ ነን፤ ታምኛለሽ?» አለኝ።

«ታዲያ የማንን ሃያ ዓመት ነው የምታከብሩት?»

«የቡድኑን ነዋ።» ጥያቄዬ ገርሞት አየኝ። «ምን ማለትሽ ነው? ቡድኑ እኮ ያው ነው።»

ያው ነው። ሚሳኤል ስለ ኦንቶሎጂ አንድ ቃል አያውቅም፣ ይህን ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የቀጸላ አሥሩ ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። የፌኔት ሞዴል ቀዳዳ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሥሩንም የለወጠውንና አንዷ የሞተችበትን አይለይም። አጨብጭበውለት ያለፉት ቀዳዳ ነው። ምሳ ስናቀርብ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሚሳኤል ምን እንዳስደሰተኝ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

ነገ ልንገራቸው? ማንም አልጠየቀኝም። ሲጠይቁኝ እናገራለሁ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጠየቀችኝ።

ሞዴሉ ላይ ኮመንት ጽፋልኛለች። እንዲህ ይላል፦ «ውዲ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አባል ብትሞትስ? እኔ ቡድኖቹን አላውቃቸውም፤ አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው። አባል ሞታ የተኩ አሉ? ካሉ ይህን መቀየር አለብኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከምሳ በፊት መለስኩላት። «እስካሁን አላየሁም» ብዬ።

ከእትዬ አስቴር ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ያችን ካቻምና ያረፈችውን ሴት አላውቃትም። ሀናም በሕይወት አለች። ስለዚህ የጻፍኩት ውሸት አይደለም።

«ተገላገልኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች። ጥያቄውን «ተፈትቷል» ብላ ዘጋችው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ውሸት አይደለም። ጥያቄው አባል ሞታ የተኩ አሉ ወይ ነው፤ አሉ ተብሎ ተነግሮኛል እንጂ ሰነድ አላየሁም። እኛ በሰነድ ነው የምንሠራው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሚሳኤል እራት ላይ፣ «ይቺን ፌኔት የምትያትን ልጅ ዛሬ ስድስት ጊዜ ጠራሻት» አለኝ። ቆጥሮ ነው። አልሳቀም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። ደንበኞቹ መጡ፣ ኬክ ተቆረሰ። አምሐ ንግግር ሲያደርግ ፌኔት የሞዴሊንግ ኃላፊ መሆኗን ተናገረ። አምና ለእኔ «ቦታው ሲከፈት እናያለን» ያለው ይህንኑ ቦታ ነው። ፌኔት ደንግጣ ወደ እኔ አየች። እጄ ላይ ኬክ ነበር፣ አጨበጨብኩ ለማለት ሳህኑን መታ መታ አደረግኩ።

ስንወጣ ተከትላኝ መጣች። «ውዲ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«ይገባሻል» አልኳት። ይህንን ማለት ከባድ አይደለም፤ ሁለት ቃል ነው። ታክሲ ውስጥ እስከ መካኒሳ ግን ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ሀና አረፈች። ትናንት ተቀበረች። ከሥራ ወጥቼ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የቡድኑ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እትዬ አስቴር እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«መታመሟን ካወቅን ጀምሮ ጎረቤቷን ስናለማምድ ቆይተን ነበር» አሉኝ። «ራሷ ናት የመረጠቻት። ሰኞ ድርጅቱ ጋ ሄደን ስሟን እናስመዘግባለን።»

ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ‘ሰኞ አትሂዱ፣ እስከ ዕደላው ቆዩ’ ማለት ብቻ። ወይም ነገ ጠዋት ለፌኔት። ነገ እነግራታለሁ። ጊዜ አለ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ፌኔት ቀኑን ሙሉ ከአምሐ ጋር ደንበኛው ቢሮ ዋለች። ስልክ አላት። እኔም ስልክ አለኝ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ዛሬ ሄደው ይሆናል። ምናልባት ዝናቡ አስቀርቷቸው ይሆናል። ጠዋት ፌኔት ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ ነበር። ስልክ እያወራች ትስቅ ነበር። ተመለስኩ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የዕደላው ዝርዝር ወጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ አስቴር ደወሉ። ከበስተጀርባ የሰው ድምፅና የዝናብ ጩኸት ይሰማል።

«ልጄ፣ ስማችን የለም። ሦስተኛ ነበርን። ይቺ የምትጽፈው ልጅ ‘አዲስ ቡድን ናችሁ፣ ስልሳ አራተኛ ናችሁ’ ትለኛለች። ከመቼ ወዲህ ነው አዲስ የሆንነው?»

«ልየው፣ እትዬ። መልሼ እደውላለሁ።»

ምን እንደማገኝ እያወቅኩ ሲስተሙን ከፈትኩ። የቀጸላ ጥልፍ ቡድን፤ የተመዘገበበት ቀን ሰኔ 30፤ ተራ ቁጥር ስልሳ አራት። አራቱ ዓመት የለም። ሲስተሙ አልተሳሳተም። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ወደ ፌኔት ዞርኩ። ለእሷም ከደንበኛው ቢሮ ደውለውላት ኖሮ ያንኑ ገጽ ከፍታ ቆማለች።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

አምሐ ሁላችንንም ሰበሰበ። አምስቱ ሼዶች ትናንትናውኑ ቁልፋቸው ተሰጥቷል። ለቀጸላ የሚገባውን የወሰዱት ስድስተኛ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ዕቃቸውን አስገብተው አድረዋል። እነሱን ማስወጣት አይቻልም፣ አይገባምም። ቀጣዩ ዕደላ ጥር ላይ ነው።

«ይህን የሚያህል ነገር እንዴት አልታየም?» አለ አምሐ። «አንድ ሰው እንኳ ‘ሰው ቢሞትስ’ ብሎ አልጠየቀም?»

ፌኔት ላፕቶፗ ፊቷ ተከፍቶ ነበር። ኮመንቱ እዚያ ውስጥ አለ። ጥያቄዋ፣ መልሴ፣ ስሜ፣ ቀኑ። ገልብጣ ብታሳየው ይበቃ ነበር።

«እኔ ጠይቄ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ግን በደንብ አላጣራሁም። ራሴ ሄጄ ቡድኖቹን ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማንን እንደጠየቀች አልተናገረችም። ወደ እኔም አላየችም። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየሁ ነበር። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ለመጻፍ ያሳፍራል፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። በዚያ አነጋገሯ ቀናሁባት። እኔ ብሆን ኮመንቱን አሳይ ነበር።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አምሐ ቢሮው ጠራኝ። «ኃላፊነቱን አንቺ ያዢው። መጀመሪያውኑ ያንቺን መቀየር አልነበረብንም።»

«እሺ» አልኩ።

ለሚሳኤል ነገርኩት። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ፣ ከዚያ ቆም ብሎ አየኝ። «ደስ አላለሽም?»

ደክሞኛል አልኩት።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ረጅም ቀን። ሁሉንም ልጻፈው።

ከፌኔት ጋር ላፍቶ ሄድን፤ ይቅርታ ለመጠየቅና አባላቱን እንደገና ለመመዝገብ። እኔ ብቻዬን ልሂድ ብዬ ነበር፣ እሷ እምቢ አለች። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ዝርዝሩ በወጣ በማግስቱ ልብስ ፋብሪካ ለመግባት አመልክተው ተቀጥረዋል። ሌሎቹ ሁለቱ ዝናብ ይዟቸው ነው ተባለ።

ፌኔት ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ቡድን ሰው ሲሞትበት ምን እንደሚሆን አላወቅኩም።»

«አንቺማ ከየት ታውቂ፣ ልጄ፤ ቁጭ በይ» አሉ እትዬ አስቴር። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ለእሷ ግን ግንቦት ላይ ሁሉንም ነግሬያት ነበር። የሀናን መታመም፣ ካቻምናም አንዷን ተክተን እንደነበር። አይበላሽም አለችን። አይደል ውዳሴ?»

ሊያጋልጡኝ ብለው አይደለም። እኔም እንደ እነሱ የተታለልኩ መስሏቸው ነው።

«አዎ፣ ነግረውኛል» አልኩ።

ፌኔት ተቀመጠች። ቅጹን አወጣች። የስድስቱንም ስም፣ የገቡበትን ቀን አንድ በአንድ እየጠየቀች ጻፈች። የሀናን ስም ራሷ ጠይቃ፣ የገባችበትንና ያረፈችበትን ቀን ጻፈች። ሻይ መጣ፣ ጠጣች። ስንወጣ ሴቶቹን ሁሉ ሳመች።

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ግንቦት» አለች።

«አዎ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ሰኔ ነው።»

«አዎ።»

«ረስተሽው ነው?»

መውጫ እየሰጠችኝ ነበር። ረስቼው ነው ብል ትቀበለኛለች፤ ገብቶኛል።

«አልረሳሁም» አልኩ። «ቀንቼብሽ ነው።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ምንም አይታይም። «በእኔ ላይ የሆነ ነገር ያለሽ መስሎኝ ነበር» አለች፤ «እሱን እችለዋለሁ። እነሱ ግን ምን አደረጉሽ?»

«ወራጅ አለ» አለች ለረዳቱ። ጎፋ ገና ነበር፤ ዶፍ ይወርዳል፤ ጃንጥላ አልያዘችም። ወርዳ ወደ ኋላ፣ ወደመጣንበት አቅጣጫ ሄደች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ጠዋት አምሐ ቢሮ ገብቼ ኮመንቱን አሳየሁት። ቀኑን፣ መልሴን፣ ግንቦት ላይ የሰማሁትን። ሁለት ጊዜ አነበበው። «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል» አለ። ከዚያ በሩን እንድዘጋው ነገረኝ።

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ። ኃላፊነቱ ለፌኔት ተመለሰ። እኔ ከሥሯ ሆኜ እቀጥላለሁ፤ ካልፈለግኩ መልቀቅ እችላለሁ። እቆያለሁ አልኩ።

ለሚሳኤልም ሁሉንም ነገርኩት። «እኔ ስለ መዘምራኑ ያወራሁሽ ቀን ታውቂ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ተነስቶ ውጭ ወጣ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ዝናቡን አየ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አዲሱ ሞዴል አለቀ። ከሁለቱም የተወሰደ ነው። ቡድኑ የራሱ ህልውናና የምሥረታ ቀን አለው፤ አባላት በየቀናቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዷ በሞትም ሆነ በሌላ ብትለይ ወረፋው አይነካም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ከተለወጡ ግን ሲስተሙ ራሱ አይወስንም፤ ሰው ሄዶ እንዲያይ ይጠይቃል። ይህን የመጨረሻውን ያመጣችው ፌኔት ናት። ጥሩ ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ቀጸላ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለጥር አንደኛ ናቸው። ፋብሪካ የገቡት ሁለቱ ግን አይመለሱም። እትዬ አስቴር ስደውልላቸው ይመልሱልኛል፤ ልጄ ማለት ግን ትተዋል።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ፌኔት ከሥራ ጉዳይ በቀር አታናግረኝም። ክፉም አትናገረኝም። ዛሬ ስለሚቀጥለው ሥራ፣ ስለ ሸክላ ሠሪ ቡድኖች ኅብረት፣ ኮመንት ጻፈችልኝ። አምሐም እንዲያየው አድርጋለች።

«ወ/ሮ ውዳሴ፣ ኅብረቱ ውስጥ ያሉትን ቡድኖች እርስዎ ያውቋቸዋል። ከአንድ በላይ ቡድን ውስጥ ያሉ አባላት አጋጥመውዎት ከሆነ ያሳውቁኝ።»

እርስዎ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ያለችኝ ለመጨረሻ ጊዜ ታክሲው ውስጥ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ በዓመት ውስጥ አንዴም አልጠየቅኩትም። ስክሪኑ ላይ ስሟን ሳይ ያ ነገር ዛሬም ደረቴ ውስጥ ተነሳ፤ ይጠፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጠፋም። እሱ እንዳለ ከቦርሳዬ የመስክ ደብተሮቼን አወጣሁ። በዓይኔ ያየሁትን ለብቻ፣ ከሰው የሰማሁትን ለብቻ፣ እርግጠኛ ያልሆንኩበትንም ለብቻ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሆነ። ምሳ ሰዓት አለፈኝ። ላክሁላት።